የወፍ እግር

በ፲፰፻፹፩ ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ወንዙ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ጎድሎ ነበር፤ በሌላ ወቅት ውኃ የሚሸፍነው የድልድዩ እግር ተገልጦ፤ የለበሰው አረንጓዴ ዝቃጭ በፀሐይ እየደረቀ ይረግፍ ነበር። ድልድዩ አራት ቋሚና አምስት ቅስት ነበረው። አራቱ ቅስቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው የደገፋቸው የእንጨት ርብራብ ተነሥቷል፤ አምስተኛው ገና በእንጨት እንደተደገፈ ነው። ከወደብ የተነሣው ሐዲድ ተራውን እየጠበቀ በማዶው ዳርቻ ቆሟል፤ የቴሌግራፉ ሽቦ ግን ድልድይ አያስፈልገውምና ከዓመት በፊት ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። መንግሥታት ኃይላቸውን በሐዲድ ርዝመት የሚለኩበት ዘመን ነበር፤ የመጀመሪያው ባቡር መኳንንቱን ጭኖ በዚህ ድልድይ ላይ የሚያልፍበት ቀን ተቆርጦ በጋዜጣ ታውጇል።

ጋዜጣው ያላወጀው፤ ሊያውጅም የማይችለው አንድ ነገር ነበረ፤ በዚያ ድልድይ ላይ ለአራት ዓመት ያህል አንድ የሞተ ሰው ሲሠራ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምልክት አለው፤ የድንጋዩን ፊት አስተካክሎ ሲጨርስ በመሮ ጫፍ ይቀርጽበታል። ምልክቱ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፤ ይህን ድንጋይ የጠረበው እገሌ ነው፤ እንከን ቢገኝበት ተጠያቂው እሱ ነው። ሁለተኛ፤ ድንጋዩ በምድር ውስጥ እንዴት ተኝቶ እንደነበረ። ለድልድዩ ከሚፈለጥበት ካባ የሚወጣው ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ የተደራረበ ነው፤ በተኛበት ሁኔታ ከተቀመጠ ተራራ ይሸከማል፤ በጎኑ ከቆመ ግን ውኃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ገጽ በገጽ ይላጣል። ከተጠረበ በኋላ ላዩና ጎኑ ለዐይን በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ ግንበኛው የሚያምነው ምልክቱን ነው። የምልክቱን እግር ወደ ታች አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

የጠራቢዎቹ አለቃ ምልክት ሁለት መስመር ነበር፤ ከላይ ተገናኝተው ወደ ታች የሚከፈቱ፤ እንደ ቤት ጣራ። በሙያው ደንብ ልጅ የአባቱን ምልክት ወርሶ አንድ መስመር ይጨምርበታል፤ የአለቃው አንድ ልጅም በጣራው መካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲያወርድበት የወፍ እግር ሆነ። ለልጁ ይህ ተስማማው። ሲሠራ ያፏጫል፤ ያውም ከመዶሻው ምት ጋር በማይገጥም ዜማ፤ እሱ ባለበት ዳስ ውስጥ ምት ጠብቆ መሥራት ለሌሎቹ መከራ ነበር። «ወይ አፍህን ወይ እጅህን አሳርፍ!» እያሉ ይጮኹበታል። ወፌ ብለው ስም ያወጡለትም በዚሁ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ በመጀመሪያው ቋሚ ላይ ሲቀመጥለት ጠራቢዎቹ ሁሉ፤ መቆም ለሚለማመድ ሕፃን እንደሚባለው፤ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያሉ አጨበጨቡለት፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበርና አፍሮ ፊቱን አቧራ በለበሰ እጁ ሸፈነ።

አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ ጠረበ። በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሠፈሩን ትኩሳት ገባው፤ ልጁንም በአራተኛው ቀን ወሰደው።

አለቃው በሳምንቱ ወደ ዳሱ ተመለሱ። አንድ ድንጋይ ጠረቡ፤ ማዕዘኑን ለኩ፤ ፊቱን አስተካከሉ፤ ለምልክቱም መሮ አነሡ። አንዱን መስመር አወጡ፤ ሁለተኛውን አወጡ። እጃቸው ግን በዚያ አላበቃም፤ በመካከል ሦስተኛውን አወረደ። የሠሩትን አዩት። ሊፍቁት ይችሉ ነበር፤ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ አልፋቁትም። በማግሥቱም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድልድዩ ላይ የጣራው ምልክት አልታየም፤ የወፍ እግሩ ግን፤ አለቅነቱ ጊዜ በተወላቸው መጠን፤ በየሳምንቱ በአንድ በአንድ ይጨምር ነበር።

ሙያው ከዚህ የከፋ ውሸት አያውቅም። የሌላውን ምልክት የቀረጸ ጠራቢ የራሱ ምልክት ከመዝገብ ይሠረዝበታል፤ አለቅነትም ከዚያ ጋር ይሄዳል። በዳሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አዩ፤ ሁሉም ዝም አሉ። ዝምታቸው ስለ ሐዘናቸው በማዘን ብቻ አልነበረም፤ በዚያ እጅ የተጠረበ ድንጋይ እንከን እንደማይገኝበት ያውቁ ስለነበረ ጭምር ነው።

እንከኑ በ፲፰፻፹፩ በጋ ተገኘ። በሦስተኛው ቋሚ ላይ፤ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ፤ ሦስት ድንጋዮች ፊታቸው እንደ ሽንኩርት ተልጦ ታየ። በሦስቱም ላይ የወፍ እግር ነበረ።

መሐንዲሱ ወደ ሥራው ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነው፤ የፊተኛው ወደ ሌላ መስመር ተዛውሮ እሱ ሲተካ የሥራውን ሹም ይዞ መጣ። ከመጡ ወዲህ ድንጋዩን እንጂ የሰዉን ነገር ለማወቅ ጊዜ አላገኙም። ሁለቱ የምልክቱን መዝገብ ይዘው ወደ ጠራቢዎቹ ዳስ ሲገቡ ግንበኛውም ተከትሏቸው ገባ፤ ሦስቱን ድንጋዮች ያስቀመጠ እሱ ነበርና። ይህን ሰው ሁሉም «ቀስ በል» ይሉታል፤ ከአፉ የማትለይ ቃል ስለሆነች።

ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን በገጹ ላይ አወረደ።

«የወፍ እግር፤ የወፍ እግር… ይኸው። ‹የአለቃው ልጅ› ይላል።» ቀና አለ። «የታለ?»

አለቃው መዶሻቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ።

«ሞቷል» አሉ አለቃው።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። አላወቅኩም፤ እግዜር ያጽናዎት።» ከዚያም እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እንግዲህ ነገሩ ቀለለ ማለት ነው» አለ። «የጠረበው ሰው በሕይወት ከሌለ የምንቀጣው የለም፤ የሚጎዳም የለም። የሟቹ ጠራቢ ስሕተት ነው ተብሎ ይጻፍና ይዘጋል።»

«ወይ የጠራቢው ነው ወይ የግንበኛው» አለ መሐንዲሱ። ገና ወጣት ነበር፤ ሲናገር ሰው ፊት ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ያያል። «ጋዜጦቹ ሰምተዋል። ነገ ጠዋት ለዋናው መሥሪያ ቤት በቴሌግራፍ መልስ መስጠት አለብኝ፤ መልሱም ይታተማል። እንግዲያው ሟቹ ይሁን።»

ጠራቢዎቹ አንዳቸው ሳይቀሩ መሬት መሬት አዩ። ልጁ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት የተሠራ ቋሚ መሆኑን የማያውቁ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አለቃው ከዳሱ ወጥተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

በሦስተኛው ቋሚ ሥር ቆመው ብዙ አላዩም፤ ማየት አላስፈለጋቸውምና። ሦስቱም ድንጋዮች ቀጭን ቀይ ሥር አላቸው፤ ከአንድ ቋጥኝ የወጡ ናቸው። ያን ቋጥኝ የጠረቡበትን ቀን ያውቁታል። ልጁ በሞተበት ቀን ልክ ሁለተኛ ዓመት ነበረ፤ ባለቤታቸው «ዛሬ እንኳ ቤት ዋል» ቢሏቸው እምቢ ብለው ወጡ፤ ደህና ጠራቢ በቀን አንድ በሚጠርብበት ሥራ ሦስት ጠረቡ። ብርሃን ፍለጋ ድንጋዩን በጎኑ አዞሩት፤ ወደ ነበረበት አልመለሱትም፤ ምልክቱንም እዚያው በዞረው ላይ ቀረጹ። ሦስቱንም እንደዚያ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ያላጠፉትን በአንድ ቀን አጠፉ።

ቀስ በል ሱሪውን ሰብስቦ በጠጠሩ ላይ እየረገጠ መጣ።

«ምን ታያለህ? ድንጋይ ነው።»

«ሥሩን እያየሁ ነው።»

«እኔ ምልክቱን አይቼ ነው ያስቀመጥኩት። እግሩን ወደ ታች።»

«አንተ ልክ ነህ።»

«ልክ መሆኔን አንተ ታውቃለህ፤ ሹሙ የሚያውቀው መዝገቡን ነው።» ግንበኛው ወደ ድልድዩ አፍ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ስማኝማ። ቀስ በል። የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም፤ አለቅነት አይነጠቅም። እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ። አንተም ዝም ካልክ አለቃ ሆነህ ትቀራለህ። ማን ይጎዳል?»

«ስም አለው።»

«አለው እንጂ! ወፌን እኔ አልወደውም ልትለኝ ነው? ፉጨቱን እንኳ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እወደው ነበር።»

«ውሸታም። አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፍተህበታል።»

«በፍቅር ነው የደፋሁበት!»

አለቃው ሳቁ፤ ግንበኛውም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁለት ሽማግሌዎች በጠጠር ላይ ቆመው ቀሩ።

«አንተ ላይ ምንም አይደርስም» አሉ አለቃው። «እሱን ለኔ ተወው።»

የአለቃው ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ መስኮቱ ወደ ወንዙ ያያል። ባለቤታቸው የመሐንዲሶቹ ልብስ አጣቢ ናቸው፤ ጠዋት ከድልድዩ ሥር ያጥባሉ፤ ከቀትር በኋላ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። አለቃው ሲገቡ የወጣቱን መሐንዲስ ነጭ ሸሚዝ ዘርግተው ኮሌታው ላይ ነበሩ።

«በጊዜ መጣህ፤ አባቱ» አሉ።

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ባልና ሚስቱ አባቱ፤ እናቱ ተባብለው ነው የሚጠራሩት፤ ከሞተም በኋላ ሌላ መጠሪያ አልፈለጉም።

«ሦስት ድንጋይ ተላጠ፤ እናቱ።»

«ሰማሁ። የወፌ ናቸው አሉ።» ካውያውን ገፋ አደረጉ። «ሦስተኛው ቋሚ ላይ።»

አለቃው የእግራቸውን አቧራ ደጃፉ ላይ አራገፉ።

«ሦስተኛው ቋሚ ሲነሣ ልጄ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ እኮ ከሥሩ ነው የማጥበው። ዐይን የላትም ብለህ ነው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት» አሉ ሴትዮዋ። «እስከ ትናንት ድረስ። መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩብህ። እኔ እዚህ አልጋውን ፈትቼ ፍራሹን ለሰው እሰጣለሁ፤ አንተ እዚያ ሥራ ታስገባዋለህ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያላናገርኩህን ታስታውሳለህ? ለዚያ ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት። ሰኞ ሰኞ ልብሱን ተሸክሜ ስወርድ፤ ‹ይሄ ልጅ በዚህ ሳምንት ስንት ሠራ?› እላለሁ። እቆጥራለሁ። ደስ ይለኛል።»

አለቃው በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለአራት ዓመት ያህል ብቻቸውን የተሸከሙት መስሏቸው ነበር።

«ነገ ጥፋቱን በሱ ስም ይጽፉታል» አሉ። «በጋዜጣ ይወጣል። ብናገር አለቅነቴ ይሄዳል፤ እሱ ምንም አይደለም፤ ብዙ በልቼበታለሁ። ግን ሁሉም ይወጣል፤ እናቱ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ማለቱ ሐሰት ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ብቻ ይቀረዋል።»

ሴትዮዋ ካውያውን በማስቀመጫው ላይ አቆሙት።

«የጠረበው አሥራ ዘጠኝ ነው። ካሥራ ዘጠኙ አንዱም አልተላጠም።» ሸሚዙን አነሡ፤ በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት፤ አጠፉት። «ያልሠራውን ሥራ ስትሰጠው ዝም አልኩህ። ያላጠፋውን ጥፋት ስትሰጠው ግን ዝም አልልህም፤ አባቱ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር በዚያ ቤት አልተነጋገሩም። አለቃው ራታቸውን በሉ፤ ተኙ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገላበጡ አነጉ።

በማግሥቱ ጠዋት መሐንዲሱ በተተኮሰው ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የቴሌግራፉን ወረቀት ሊሞላ ሲል በሩ ተንኳኳ። አለቃው ገቡ፤ ከኋላቸው ጠራቢዎቹ ሁሉ፤ በመጨረሻም ቀስ በል። ክፍሉ አልበቃ ብሏቸው ግማሾቹ በረንዳ ላይ ቀሩ።

«ሦስቱን ድንጋዮች የጠረብኩ እኔ ነኝ» አሉ አለቃው።

ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። «አለቃ፤ ሐዘንዎን እናውቃለን። የልጅዎን ጥፋት ልሸከም ማለትዎ…»

«ሐዘኔን አታውቁትም። ድንጋዬን ግን አሳያችኋለሁ፤ ኑ።»

እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገሩ የሚቆም ሰው አልነበረም፤ መሐንዲሱ ሳይቀር ብዕሩን ትቶ ተከተላቸው። መጀመሪያ ወደ አንደኛው ቋሚ ወሰዱት።

«እጅዎን ይስጡኝ። ይህን መካከለኛ መስመር በጣትዎ ይዳስሱት። ወዴት ያዘነብላል?»

«ወደ… ቀኝ።»

«ልጄ ግራኝ ነበር። መዶሻው ከግራ ነው የሚመጣው። አሁን ወደዚያኛው እንሂድ።»

በሦስተኛው ቋሚ ሥር መሐንዲሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳይታዘዝ ራሱ ዳሰሰ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊታቸውን አየ።

«ወደ ግራ ያዘነብላል። የርስዎ እጅ ነው።»

«የኔ ነው። ልጄ በ፸፯ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የኔ ነው። በነዚህ ሦስቱ ድንጋዩን አዙሬ ምልክቱን በጎኑ ቀረጽኩ፤ ግንበኛው ምልክቱን አመነ፤ ማመንም ነበረበት። እሱ ጥፋት የለበትም።»

«ሌሎቹስ?» መሐንዲሱ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። «ወደ ሁለት መቶ የሚሆን ድንጋይ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መቶ ሰው የጫነ ባቡር ያልፍበታል። ደኅና መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?»

«ውኃ ያምጡ። ድንጋይ ሲርስ ገጹ ይታያል። አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ፤ ከሦስቱ ሌላ አንድ በጎኑ የቆመ ቢያገኙ ድልድዩን በኔ ላይ ያፍርሱት።»

መሐንዲሱ ቴሌግራፉ እንዲቆይ አዘዘ። ያን ቀን ሙሉ በመሰላልና በርብራብ ላይ ሆነው በባልዲና በብሩሽ ድንጋዩን ሁሉ አረጠቡ፤ መሐንዲሱ ነጩን ሸሚዙን አቆሽሾ፤ አለቃው እያንዳንዱን የወፍ እግር እንደ ዘመድ እያስተዋወቁ። አራተኛ አልተገኘም። ማምሻው ላይ መሐንዲሱ ባልዲውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንዲህ ያለ ጠርብ አይቼ አላውቅም» አለ።

የሙያው ደንብ ግን በምስጋና አይታጠፍም። በማግሥቱ ከጠራቢዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፤ የአለቃው የቀድሞ መምህር፤ መዝገቡን ተቀበሉ፤ የጣራው ምልክት ያለበትን ገጽ ገለጡ።

«ደንቡን ታውቀዋለህ» አሉ።

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ብዕሩን ሁለት ጊዜ ቀለም ነከሩት፤ መስመሩን ግን አላወጡም።

«ማስመሪያ ላምጣልዎት?» አሉ አለቃው። «ጠማማ መስመር እንዳያወጡብኝ። ለስሜ አይመችም።»

በዳሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ አንዳንዱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽማግሌው መስመሩን አወጡ፤ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አንድ ነገር ልለምን» አሉ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አለቃ ያልሆኑት ሰው። «በወፍ እግሩ አጠገብ ይጻፍልኝ። ‹አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ ጠረበ፤ በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. ሞተ፤ አንዱም አልተላጠም።›»

ሹሙ ብዕሩን ይዞ አመነታ። «‹አንዱም አልተላጠም› የመዝገብ ቃል አይደለም።»

«ጻፈው» አለ መሐንዲሱ።

ጻፈው። ለዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ቴሌግራፍ ከዚህም ያጠረ ነበር፤ በሦስተኛው ቋሚ ላይ ሦስት ድንጋይ በጎኑ ተቀምጦ ስለተገኘ ተቀይሯል ይላል፤ የማንንም ስም አያነሣም።

ቴሌግራፉ የተላከው ግን ድንጋዮቹ ገና ሳይቀየሩ ነው፤ መሐንዲሱ በቀድሞው አለቃ ቃል ተማምኖ። ሸክም ከተሸከመ ቋሚ ላይ ድንጋይ ማውጣት በአንድ ጊዜ አንድ፤ ያውም በጥንቃቄ ነው፤ ጎረቤቶቹ ድንጋዮች ክብደቱን ለጥቂት ሰዓት ተካፍለው ይይዙታል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠበቅም። የቀድሞው አለቃ አዲሶቹን ሦስት ድንጋዮች በሦስት ቀን ጠረቡ፤ በቀን አንድ። አሮጌውን ራሳቸው በመሮ ፈልፍለው አወጡ፤ አዲሱን ቀስ በል በኖራ አልብሶ ሊያስገባ አነሣው፤ አገላበጠው፤ ግራ ገባው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምልክት የሌለበት ድንጋይ በእጁ ገብቶ አያውቅም።

«እግሩ የታለ? የቱ ነው ታች?»

«ይሄኛው።» በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቀስ ብዬ ነው ያየሁት፤ ቀስ በል።»

ግንበኛው ስድብ ይሁን ምርቃት ያልለየ ነገር አጉረመረመና አስገባው።

ባቡሩ በተቆረጠለት ቀን መጣ። ባንዲራ ነበረ፤ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ መሐንዲሱ በመጀመሪያው ፉርጎ ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር። ባልና ሚስቱ ወደ ክብር ቦታው አልሄዱም፤ ከድልድዩ ሥር፤ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩ። ነጎድጓዱ በላያቸው አለፈ፤ ከቅስቶቹ ጥቂት የኖራ ብናኝ ረገፈባቸው፤ ወንዙ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ቋሚ ንቅንቅ አላለም።

«ቆመች» አሉ ሴትዮዋ፤ ወደ አንደኛው ቋሚ እያዩ።

የቀድሞው አለቃ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ፤ መሮ አልያዙም እንጂ። በካባው ውስጥ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዞሩ የድንጋዩን አተኛኘት ለወጣቶች ያሳዩ ነበር፤ በእሳቸው ዘመን ከዚያ ካባ በጎኑ ቆሞ የሄደ ድንጋይ የለም ይባላል።

ምልክቱን የያዘው መዝገብ መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጥሎ ጠፋ፤ ሹሙ እያመነታ የጻፈው ቃልም አብሮ ጠፋ። የቀረው ድንጋዩ ነው። ድልድዩ በተሠራ በስድሳ ስድስት ዓመቱ አንድ የጥንት ሕንፃዎች ተመራማሪ በመሰላል ወጥቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ትጉህና ታማኝ ሰው ነበርና ያየውን እንዳየው ጻፈ። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ይገኛል፤ «የጣራው ምልክት የአባት፤ የወፍ እግሩ የልጅ መሆኑ ከቅርጻቸው ይታወቃል። የአባትየው ምልክት ከመጀመሪያው ቋሚ በኋላ በድንገት ይቋረጣል፤ በዚያን ጊዜ መሞቱ የሚያጠራጥር አይደለም። ልጁ ግን ሥራውን አልተወም። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ዘጠኝ ድንጋዮች ላይ ገና ያልጸና እጁ፤ ከሐዘኑ በኋላ በአንድ ጊዜ በስሎ ይታያል፤ የድልድዩንም እጅግ ያማሩ ድንጋዮች ጠርቦ ፍጻሜውን አይቷል።»

ታሪክ የያዘው ይህን ነው። ሟቹን በሕይወት፤ ያለውንም በሞት መዘገበ፤ ያገኘው ማስረጃ ግን ከዚህ ወደ ሌላ አይወስድምና ተመራማሪውን መውቀስ አይገባም። አባትየው እውነቱን ተናግረው፤ በመዝገብ አጽፈው፤ የሚገባውን ከፍለውበታል፤ ጥፋት በልጃቸው ስም አልተጻፈም። ከዚህ ያለፈውን፤ ማለት ልጃቸው ከሞተ በኋላ በምልክቱ የሰጡትን አራት ዓመት፤ እሳቸው መልሰው ሲወስዱ ድንጋዩ አልመለሰም።

በሦስተኛው ቋሚ ላይ፤ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ፤ ምልክት የሌላቸው ሦስት ድንጋዮች አሉ። ተመራማሪው ማን እንደጠረባቸው ሊያውቅ ስላልቻለ አልቆጠራቸውም። አልተላጡም።